ከአሸተን ማርያም ሲወረድ፦ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የቋንቋና የስሌት ክፍሎች ስለ መዘጋጀት



ለዛሬው ንግግር የተሰጠኝ ርእስ ደረቅ ነው። ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ብዕርና ወረቀት ይዛችሁ የመጣችሁት የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝርና የቀመሮች ሰንጠረዥ ልትገለብጡ እንደ ሆነ አላጣሁትም። ዝርዝርም ሰንጠረዥም አላመጣሁም። ያመጣሁት አንድ ትዝታና ከትዝታው የተነሣ ለዓመታት ሳብላላው የኖርሁትን አሳብ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ ጋር ከላሊበላ ከተማ ወደ አሸተን ማርያም ወጣን። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከተማው ራሱ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ሳለ ዳገቱ ገና ከዚያ ይጀምራል፤ ከላይ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚሆነው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ይጠብቃል። ገዳሙ ከዐለት የተፈለፈለ ሲሆን በትውፊት ከንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ዘመን ጋር ይያያዛል። ከተማሪዎቼ አንዱ፣ የዚያው የላስታ ልጅ፣ በቦርሳው ውስጥ ለመግቢያ ፈተና የሚያዘጋጅ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ ነበር። ባረፍንበት ሁሉ ያወጣውና ያነባል። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ አረጋዊ መሪጌታ አዩትና «ልጄ፣ ምን ላይ ነው ይህን ያህል የምትደክመው?» አሉት። «የኔታ፣ የሒሳብ ፈተና አለብኝ፤ የቀሪ ቁጥር ጥያቄ አስቸገረኝ» አላቸው። እርሳቸውም ጣቶቻቸውን እያጠፉና እየዘረጉ የሚመጣውን ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ ነገሩት። ከዚያም የነነዌ ጾም የሚገባበትን ቀን፣ ከዚያም ፋሲካውን። ወረቀት የለ፣ ካልኩሌተር የለ። ልጁ መጽሐፉን ዘጋ። ሲወርድ መንገዱን ሙሉ ዝም አለ።

እኔም ዝም አልሁ። ምክንያቴ ግን ሌላ ነበር። ይህ ልጅ በልጅነቱ ዳዊት የደገመ፣ ጥቂትም ቢሆን ቅኔ የቆጠረ ነው። መሪጌታው ያሰሉትን ስሌት ስሙን ያውቀዋል። መጽሐፉ ውስጥ ያስቸገረው «ቀሪ ቁጥር» ግን ያው መሆኑን ማንም አልነገረውም። እኛ መምህራኑም አልነገርነውም።

አስቀድሜ ስለ ፈተናው ጥቂት ልበል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገራችን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ለመግባት ሀገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና መውሰድ ግድ ሆኗል፤ ተማሪዎች በአጭሩ «ጋት» ይሉታል። ከዚያ በፊት ዩኒቨርሲቲዎች የየራሳቸውን ፈተና ያወጡ ነበር። ወደ ውጭ ሀገር የሚያስቡት ደግሞ «ጂ አር ኢ» የተባለውን ይፈተናሉ፤ ይህኛው በአሜሪካ ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። በስምና በዝርዝር ይለያዩ እንጂ አንኳራቸው አንድ ነው፦ ተማሪው ቨርባል የሚለው የቋንቋ ክፍልና ኳንቲታቲቭ የሚለው የስሌት ክፍል። ለማናችሁም እንግዳ አይደሉም፤ በ12ኛ ክፍል «አፕቲትዩድ» ብላችሁ ተፈትናችኋቸዋል። ያኔ ከሌሎቹ ትምህርቶች አንዱ ነበሩ፤ አሁን በሩ ራሱ ሆኑ።

ከስሌቱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚፈራው እርሱን ነውና።

የስሌቱ ክፍል የሚጠይቀው የሒሳብ እውቀት ከፍተኛ አይደለም። ጂ አር ኢን ብትወስዱ ካልኩለስ የለበትም፣ ትሪጎኖሜትሪም የለበትም፤ ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ ንጽጽር፣ አማካይ፣ ቀላል አልጀብራ፣ የሦስት ማዕዘንና የክብ ባሕርይ፣ ጥቂት ፕሮባቢሊቲ ነው። በምሕንድስና የተመረቁ ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ውጤታቸው ሲመጣ ግን ሣቁ ይቀራል። ፈተናው የሚፈልገው ማስላትን ሳይሆን ምን ማስላት እንደማያስፈልግ ማየትን ነውና። ይህን በባሕረ ሐሳብ ላሳያችሁ።

የዘንድሮው ዓመት 2018 ዓመተ ምሕረት ነው። 5,500 ዓመተ ኩነኔ ሲደመርበት 7,518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ሊቃውንቱ ይህን ቁጥር በዐቢይ ቀመር በ532፣ ከዚያ በማዕከላዊ ቀመር በ76፣ ከዚያም በንዑስ ቀመር በ19 ይገድፉታል። 532 አሥራ አራት ጊዜ ሲወጣ 70 ይቀራል፤ 70 ከ76 ያንሳል፤ ከ70 ላይ 19 ሦስት ጊዜ ሲወጣ 13 ይተርፋል። አሁን ተማሪውን ልጠይቅ፦ ሦስቱን ደረጃ ማለፍ ግድ ነውን? አይደለም። 532 የ19 ሃያ ስምንት እጥፍ ነው፤ 76 ደግሞ የ19 አራት እጥፍ። ስለዚህ በቀጥታ በ19 ብትገድፉትም ቀሪው ያው 13 ነው። ረጅም ማካፈል የሚሰለቸው ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፦ 19 በ400 ሲባዛ 7,600 ነው፤ ከ7,518 በ82 ይበልጣል፤ ከ7,600 ላይ አምስት ጊዜ 19፣ ማለትም 95 ቢነሣ 7,505 ይሆናል፤ ልዩነቱ 13። ሦስት መንገድ፣ አንድ መልስ። ፈተና ላይ የሚያሸንፈው ሦስቱን አይቶ አጭሩን የሚመርጠው ነው።

እንቀጥል። ከ13 ላይ አንድ ሲነሣ 12 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ነው። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ ይገኛል፦ 132፣ ከ120 የተረፈው 12። ወንበር በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይገኛል፦ 228፣ ከ210 የተረፈው 18። አሁን እዚህ ላይ እንቁም። ሁለተኛውን ብዜት መሥራት ያስፈልግ ነበርን? 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ናቸው። እንግዲያስ ወንበሩ ምንም ይሁን ምን ሁለቱ ብዜቶች ሲደመሩ የ30 ብዜት ይሆናሉ፤ ስለዚህ አበቅቴው 12 ከሆነ መጥቅዑ 18 መሆኑ የታወቀ ነው። ጥንት የነበሩት ሊቃውንት አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ከ30 አይዘሉም ብለው በቃል ያስያዙት ይህን ነው። በፈተናው «የሁለቱን መጠኖች ድምር ለማወቅ የተሰጠው መረጃ በቂ ነውን?» ተብሎ የሚመጣው ጥያቄም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ጨርሱልኝ የምትሉ አላችሁ፤ ልጨርስ። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ነበር፤ ስለዚህ 18ኛው ቀን እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 እና 7 ሲደመሩ 25። የነነዌ ጾም ጥር 25 ገባ ማለት ነው፤ ሰኞ ቀን። ፋሲካ ከዚያ በ69ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 4። መሪጌታው በጣታቸው የሠሩት ይህን ነው።

ወጥመዱ ግን ሁልጊዜ እንዲህ የተከበረ አይደለም። ከአሸተን ስንወርድ ለተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ ሰጠኋቸው። አንድ ሰው ዳገቱን በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ወጣ፤ በዚያው መንገድ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ወረደ፤ የሙሉ ጉዞው አማካይ ፍጥነት ስንት ነው? ሁሉም በአንድ ድምፅ «አራት» አሉ። መልሱ ሦስት ነው። መንገዱ 6 ኪሎ ሜትር ነው እንበል፤ ለመውጣት 3 ሰዓት፣ ለመውረድ 1 ሰዓት፤ 12 ኪሎ ሜትር በ4 ሰዓት። ርቀቱ 6 ባይሆንም ለውጥ የለውም፤ ስላልተሰጠን ደስ የሚለንን መርጠን መውሰድ እንችላለን። ከተማሪዎቹ አንዷ «መምህር፣ ዳገቱ ላይ ብዙ ጊዜ ስለቆየን አይደል?» አለችኝ። ነው። እግሯ የነገራትን ብታምን ኖሮ ብዕር አያስፈልጋትም ነበር። የመቶኛውም ነገር እንዲሁ ነው፦ ለገና በዓል የአልጋ ዋጋውን በ50 በመቶ ጨምሮ ከበዓሉ በኋላ በ50 በመቶ የሚቀንስ ባለ ሆቴል ወደ ቀድሞው ዋጋ አልተመለሰም፤ ከመቶ ብሩ ሃያ አምስቱን አጥቷል።

ግምትም ክህሎት ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ900,000 ከሚጠጉ ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 30,000 ገደማ ነበሩ። ስንት በመቶ ነው? ከሠላሳ አንድ፤ ማለትም ሦስት ከጥቂት። የታወጀው ቁጥር 3.3 በመቶ ነበር። ይህን ምሳሌ የመረጥሁት ለስሌቱ ብቻ አይደለም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ቋንቋው ክፍል ልለፍ። እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናዘዝ። ወጣት ሳለሁ፣ በ1989 ዓ.ም. ገደማ፣ ለጂ አር ኢ ስዘጋጅ ፎቶ ኮፒው ከደበዘዘ መጽሐፍ ላይ የቃላት ዝርዝር በቃሌ እይዝ ነበር። ቀን በቀን ሃምሳ ቃል። በፈተናው ቀን ብዙዎቹን ቃላት አገኘኋቸው፤ አወቅኋቸውም፤ ውጤቴ ግን አሳፋሪ ነበር። ቃላቱን ያወቅኋቸው ብቻቸውን ነበር፤ ፈተናው የጠየቀኝ ደግሞ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ነው። «ሳንክሽን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ቅጣት» ብዬ ይዤው ነበር። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የገባው ግን በሌላኛው ፍቺው፣ «ማጽደቅ፣ መፍቀድ» በሚለው ነበር። አንዱ ቃል ተቃራኒ ሁለት ፍቺ ይዟል። «ኦቨርሳይት»ም እንዲሁ፤ «ቁጥጥር» ይሆናል፣ «በቸልታ ያመለጠ ስሕተት»ም ይሆናል።

የሚገርመው እኔ በዚህ መደናገር አልነበረብኝም። አማርኛ አንባቢ በየመስመሩ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነውና። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና አልመጣም» የሚል ጽሑፍ ብታገኙ ሰውዬው እስካሁን አልደረሰም ማለት ነው ወይስ በዓሉ? ታኅሣሥ ላይ ላሊበላ ከሆናችሁ ሁለቱም ይቻላል። «ይበላል» የሚለውን ያለ ዐውዱ አንብቡልኝ፤ የሚበላው ማን እንደ ሆነና ምን እንደ ሆነ አታውቁም። ሆኖም ማንም አማርኛ አንባቢ ቆሞ አይጨነቅም፤ ዙሪያውን አይቶ ይወስናል። ቅኔ ደግሞ ይህን ከልማድ ወደ ትምህርት ያሳድገዋል። ከሦስቱ ታላላቅ የቅኔ ቤቶች አንዱ የሆነው ዋድላ ከላስታ ጎን ያለ ምድር ነው። በዚያ ቤት ተማሪው ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ሰሙ ሳይጎድል ወርቁን እንዲያይ፣ ወርቁን ይዞ ሰሙን እንዳይጥል ይለማመዳል። ስለ ስያሜውም አንድ ነገር ልጨምር፤ ተማሪው ቅኔ «ይቆጥራል» እንላለን። ቃልና ቁጥር በአንድ ግሥ የሚገናኙበት ትምህርት ቤት የነበረው ሕዝብ ቨርባልና ኳንቲታቲቭን እንደ ባዕድ ነገር መፍራቱ ይገርመኛል።

ነገር ግን ራሳችንን አናታልል። ሰምና ወርቅን የለመደ ሰው በምንባብ ጥያቄ ላይ የሚወድቅበት አንድ ጉድጓድ አለ፤ ከተጻፈው በላይ ያነባል። ለምሳሌ ይህን ምንባብ ውሰዱ፦ «የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈሩ። ከዚያ በኋላ የጎብኚዎች ቁጥር ጨመረ።» ከምንባቡ የሚከተለው የትኛው ነው ተብሎ «ጎብኚዎች የጨመሩት አብያተ ክርስቲያናቱ በመመዝገባቸው ነው» የሚል ምርጫ ቢቀርብ፣ ከክፍሌ ከግማሽ በላዩ ይመርጠዋል። ምንባቡ ግን «ከዚያ በኋላ» አለ እንጂ «ስለዚህ» አላለም። አሳቡ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ ጽሑፍ ግን አልወጣም። ተማሪዎቼ «እኔ እኮ የአገሩ ልጅ ነኝ፣ አውቃለሁ» ይሉኛል። ችግሩም ማወቃቸው ነው። በምንባብ ጥያቄ ላይ የሚያውቁትን ከበር ውጭ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ እንደ ጫማ።

የጎደለ ቃል አሟሉ በሚለው ጥያቄ ደግሞ ባዶውን ቦታ ከማየታችሁ በፊት መጋጠሚያውን ፈልጉ፦ «ቢሆንም»፣ «ስለዚህ»፣ «እንኳን»፣ «ይልቁንም» የሚሉትን የሚተኩትን የእንግሊዝኛ ቃላት። ዓረፍተ ነገሩ ወደ ፊት እየሄደ ነው ወይስ ታጥፏል? ይህን ካወቃችሁ በኋላ ምርጫዎቹን ሸፍናችሁ ባዶውን በራሳችሁ ቃል ሙሉት፤ በአማርኛም ቢሆን። ከዚያ ግለጡ። ምርጫዎቹን አስቀድሞ የሚያነብ ሰው አራቱም ትክክል ይመስሉታል።

አሁን ስለ ዝግጅቱ አኳኋን። በዚህ ጥቂት መናገር ይበቃኛል፤ መጻሕፍቱ ሞልተዋልና። አንድ ነገር ግን መጻሕፍቱ ሲያደበዝዙት አያለሁ። ተማሪዎች መልሱ ከኋላ የተጻፈበትን ጥያቄ መልሱን እያዩ «ያነባሉ»፤ ሲያነቡት ሁሉም ግልጽ ነው፤ ያወቁት ይመስላቸዋል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችን፣ አንድ ጊዜ አንብበው ከዚያ በቃላቸው ለማስታወስ ከሞከሩት ጋር አነጻጽረዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን በቃላቸው የሞከሩት ቀደሙ። የቆሎ ተማሪው ቀን የተማረውን ማታ በጨለማ፣ መጽሐፍ ሳይኖር፣ ከየኔታ ፊት የሚያስመልሰው ለዚህ ነበር፤ ጥናቱን አላነበበም እንጂ።

ስለዚህ ጥያቄውን በሰዓት ሥሩት፣ መልሱን ሸፍናችሁ። የጂ አር ኢን ልክ ልስጣችሁ፦ ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው አሠራር ለ27 የቋንቋ ጥያቄዎች 41 ደቂቃ፣ ለ27 የስሌት ጥያቄዎች 47 ደቂቃ ይሰጣል። ለአንዱ የቋንቋ ጥያቄ 90 ሰከንድ ገደማ፣ ለአንዱ የስሌት ጥያቄ ከመቶ ሰከንድ ጥቂት የሚበልጥ ማለት ነው። በዚያ ፈተና ስሕተት ነጥብ አይቀንስም፤ ባዶ ትቶ መውጣት ምንም አይጠቅምም። ከዚያ የሳታችሁትን ጥያቄ በደብተር ጻፉ፤ ከአጠገቡም የሳታችሁበትን ምክንያት። ሦስት ዓይነት ነው የማገኘው፦ አላወቅሁም፣ አላነበብሁም፣ አልደረሰልኝም። የመጀመሪያው በማጥናት ይድናል። ሦስተኛው በልምምድ ይድናል። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው፤ ጎበዝ ተማሪዎች ሁሉ የሚወድቁት በእርሱ ነውና። ጥያቄው «ያልሆነው የትኛው ነው» ሲል «የሆነውን» ይመርጣሉ። ለቋንቋው ደግሞ በየቀኑ አንድ የእንግሊዝኛ ርእሰ አንቀጽ አንብባችሁ የጸሐፊውን አቋም በሁለት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻላችሁ አልገባችሁም፤ እንደገና አንብቡ። ስልክ ላይ ያለውን መለማመጃ አልነቅፍም፤ ነገር ግን በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ዝግጅቱን የቀጠለው ወረቀት የነበረው ተማሪ ነበር።

የቀረውን ደቂቃ ለባልደረቦቼ ልስጥ፤ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁት እናንተ ናችሁና።

ያ የላስታ ልጅ ፈተናውን ወሰደ። የስሌቱን አለፈ፤ የቋንቋው ጎተተው። በዓመቱ ደገመ፤ አሁንም ጥቂት ነጥብ ጎደለው። በዲግሪው ከክፍሉ ቀዳሚ ነበር። ትምህርቱን በመጀመሪያ ደረጃ በአማርኛ ተምሮ በሁለተኛ ደረጃ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት ከሚካፈልበት ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ታናናሾቹ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ናቸው። ቅድም የጠቀስሁትን 3.3 በመቶ አስታውሱ። ያን ቁጥር አይቶ «ልጆቻችን ሰነፉ» የሚል ሰው ከምንባቡ ያልወጣ መልስ መርጧል። ቁጥሩ ምን እንደ ሆነ ይነግረናል፤ ለምን እንደ ሆነ አይነግረንም።

ፈተናው ይቅር አልልም። ያለ አንድ ሚዛን በዘመድ የሚገባበትን ጊዜ በዐይኔ አይቻለሁ፤ ወደዚያ መመለስ አልሻም። ሆኖም የጂ አር ኢን ፈተና የሚያዘጋጀው ድርጅት ራሱ አንድን መቁረጫ ነጥብ ብቻውን መመዘኛ አታድርጉ ብሎ ዩኒቨርሲቲዎችን ይመክራል። የትምህርት ክፍሎቻችን ቢያንስ በራሳቸው እጅ ባለው መመዘኛ፣ በቃለ መጠይቅና በምርምር ንድፍ ላይ፣ የተማሪውን ሥራ በቁም ነገር ሊያነቡ ይገባል። ከዚያ ይበልጥ ግን በእጃችን ያለ ሌላ ነገር አለ። በምንም ትምህርት ብናስተምር፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ከትምህርታችን ጽሑፍ አንድ አንቀጽ አውጥተን «ከዚህ የሚከተለው ምንድን ነው? የማይከተለውስ?» ብለን እንጠይቅ። የታሪክ መምህሩ ይችላል፤ የግብርናው መምህርም ይችላል። የቤተ መጻሕፍቱን አንድ ክፍል ማታ ማታ ለሚዘጋጁ ተመራቂዎች እንክፈት፤ እኔ ረቡዕ ረቡዕ እገኛለሁ፤ ለስሌቱ ሌላ ሰው እሻለሁ። ፈቃደኛ ያላችሁ ስትወጡ ስማችሁን ንገሩኝ።

ልጁ ሦስተኛውን ሙከራ ሊወስድ ተመዝግቧል። ባለፈው ሰሞን ደውሎ የቋንቋውን ክፍል እንዴት እየተዘጋጀ እንደ ሆነ ነገረኝ፤ የሳታቸውን ጥያቄዎች የሚጽፍበት ደብተር ሁለተኛው ሞልቶ ሦስተኛውን ጀምሯል። ከሳታቸው አብዛኞቹ «አላነበብሁም» በሚለው ሥር ናቸው አለኝ። እኔ ይህን እንደ መልካም ዜና ነው የሰማሁት።

ወደ ጥያቄና መልስ ከመግባታችን በፊት አምስት ደቂቃ እሰጣችኋለሁ። የ2019 ዓ.ም.ን አበቅቴና መጥቅዕ አግኙ፤ ከዚያ ነነዌን፣ ከዚያ ፋሲካን። መስከረም 1 ቀን 2019 ዓርብ ይውላል። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው። በዚህኛው ዓመት መጥቅዑ ከ14 ያንሳልና በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት፣ ነነዌም በየካቲት ይውላል፤ ወሩን ሳታዩ እንዳትቸኩሉ። ካልኩሌተራችሁን አስቀምጡ።